አሚን ያልኩባት መኪና

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡00

የግራው የፊት ጎማ ወልቋል። ባሌስትራው ወርዶ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ዛሬ አንድ ረድፍ ብረት እጨምርበታለሁ፤ መኪናዋ አራት ጣት ከፍ ትላለች። አራት ጣት ለአስፋልት ምንም አይደለም። ለቆላው መንገድ ግን መሐል ላይ ያበጠው ድንጋይ ሆዷን ሳይነካት ማለፍ ማለት ነው።

ገጽሽን በግሪስ አቆሸሽኩት ደብተሬ። ቻይኝ።

ከድር ቁርስ ይዞልኝ መጣ። ቆሜ በላሁ። ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴም እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሸኘኝ፣ አውቶሞቲቭ አጥንቼ ስመለስ "እህቴ መሐንዲስ ናት" እያለ ከተማውን ያዳረሰ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። "አሁንስ አንበሳ አስመሰልሻት" አለ። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

መኪናዋ የቅሬያችን ናት። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይሸከማል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ደሴ ሄዶ የከበረ አንድ የአገራችን ሰው ያረጀች ላንድክሩዘሩን ሰጠን። ከታች ቆላ ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ እዚህ መካነ ሰላም ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። በክረምት ከዚያም በላይ። የማትደርስም አለች።

ውሉ፦ እኔ አዘጋጃታለሁ፣ እኔ እነዳታለሁ። በቅሬው ስም ቃሉን የሰጠኝ ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ከድር ነው። ኮምቦልቻ ያገኘሁትን ሥራ እምቢ ያልኩት በዚህ ቃል ነው።

ዝናቡ አቀስታ ደርሷል ይላሉ። መፍጠን አለብኝ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ። ከ/ሰዓት

የብየዳ ቀን። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሁለቴ ተሳደብኩ።

ከተጣለ የጭነት መኪና ሻንሲ የፊት ግጭት መከላከያ፣ ፓራውልት ሠራሁላት። ሁለት መጎተቻ መንጠቆ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። የአየር መሳቢያውን በቱቦ ጣራዋ ድረስ አወጣሁት፤ ወንዝ ስንሻገር ሞተሩ ውኃ እንዳይጠጣ። አንድ የናፍጣ በርሜል ቀደድኩ፣ ጠፈጠፍኩ፣ ወንፊት እስኪመስል በሳሳሁት። ጭቃ ሲይዛት ጎማ ሥር የሚነጠፍ ነው። ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ቆሎ ልትቆዪበት ነው ወይ አለኝ። ለአንተ ሠርግ አልኩት።

ሰብለ መጣች፤ የጤ/ጣቢያው አዋላጅ ነርስ። ከኋላ የምገጥመውን ቃሬዛ አየችና ፊቷ ጠቆረ። ቅሬው ሬሳ የሚሸከምበት ነው። ልኩን ወስጄ፣ መቀመጫውን ነቅዬ፣ ማረፊያ ብረቱን ሁሉ በይጄለት ነበር። የትኛዋ ሴት ናት የሰው ሬሳ በወጣበት ላይ ልትወልድ የምትተኛ አለችኝ። ጎትተሽ ብታስገቢያትም ትወርዳለች። እውነቷን ነው። መለኪያ ይዤ ስዞር ይህ እንዴት አልታየኝም? ነገ አዲስ እሠራለሁ። ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያው ሆድ የማይነካ።

ሰይድም ዛሬ ጀመረ። የከድር ሚስት የዘሀራ ወንድም ነው። አቀስታ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ አሁን ሥራ ፈትቶ እነሱ ቤት ተቀምጧል። ከድር ለመነኝ፦ አስተምሪው፣ ረዳት ይሆንሻል፣ ቆላ ብቻሽን አትወርጂ። መልካም ሐሳብ። ሰይድ ሳቂታ ነው። "እትዬ መሐንዲስ" ይለኛል።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ከሰይድ ጋር ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ወርደን ነበር። አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ማርሽ አሳየሁት። ጭቃ ላይ የጎማ ነፋስ መቀነስ፣ አስፋልት ላይ መልሶ መንፋት። ውኃ ውስጥ ሳይቆሙ፣ ሳይሮጡ። ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛው ማርሽ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል፤ ፍሬን የመጨረሻ ነው። ሁሉንም በትንሽ ደብተር ጻፈ። ለረዳት ብዙ ይጠይቃል ብዬ ተገረምኩ። ተግቶ ነው አልኩ።

ጭቃ ላይ እጁ ጥሩ ነው። ትዕግሥት የለውም።

ከደጎሎ ያስመጣሁት ትርፍ ጎማ ደረሰ። ጣራዋ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ወጣ። ክሪክ፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ። ቀረኝ የምለው እያነሰ ነው።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ። ጠዋት

አለቀች። አጠብኳት። ከ/ሰዓት ዱዓ ይደረግላታል። የማይታጠበው የጥፍሬ ሥር ግሪስ ብቻ ቀረ። መንጃ ፈቃዴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንም እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ያው ቀን። 11፡30

አሁን ከዱዓው መመለሴ ነው።

በጉ ታረደ። ደሙን የፊት ጎማዋን አስነኩት። ሼህ ኑሩ ከፊት፣ ቄሱ ከጎናቸው፣ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታደሰ ከጎናቸው። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር። ሼህ ኑሩ እጃቸውን ዘረጉ። ያ ረቢ መንገዷን አለስልስላት። አሚን። ወላዷን ከነልጇ አድርስልን። አሚን። ጉልበቷን፣ ጎማዋን፣ ፍሬኗን ጠብቅ። ከሁሉ ጮክ ብላ አሚን የምትለው እኔ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። "መሪዋን የሚይዘውን ባሪያህን ሰይድን፣ እጁን አጽናለት።"

"አሚን!" አልኩ።

ስሙ ጆሮዬ የደረሰው ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ከድርን ፈለግሁ። ከድር የገዛ መዳፉን ያነብ ነበር።

ግንቦት 24፣ እሑድ

አልጮህኩም። ከድር ሱቅ ሄድኩ፣ ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ሚዛኑን ይወለውላል። ደግሜ ጠየቅሁ።

ከመጀመሪያው አለ።

ከመጀመሪያው! ቁርስ ሲያመጣልኝ ያውቅ ነበር። አንበሳ አስመሰልሻት ሲለኝ ያውቅ ነበር። ኮምቦልቻ ደውዬ አልመጣም ስል አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ምክንያት ደረደረ። ቆላ ወርዶ ማደር አለ። ከማንም ወንድ ጋር ጋቢና መቀመጥ አለ። ማን ያገባሻል? ሰይድ ሥራ ፈትቷል፣ ዘሀራ በየቀኑ ታለቅሳለች። "ለአንቺ ብዬ ነው እታለሜ። አብሽሪ።" አብሽሪ! እዚህ አገር ሰው ለሞተበትም የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን አስተምሪው አልከኝ አልኩ። ካንቺ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል አለኝ። እያመሰገነኝ ነው ደብተሬ። ከልቡ።

ልወጣ ስል የመጨረሻውን ወረወረ። "ደግሞ አንቺም አሚን ብለሻል። አገር ሰምቷል። አሚን የተባለበት ነገር አይፈርስም።"

ቤቴ እስክደርስ ይህ ቃል ተከተለኝ። የሚያሳፍረው እዚህ አገር ተወልጄ ስላደግሁ ከፊል ልቤ አምኖታል።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ወፍጮ ቤት። ወ/ሮ ዘውዴ ዱቄቷን እያራገፈች፦ "መዲናዬ፣ ረዳትሽ ሹፌር ሆነ አሉ። አንቺስ በሩን ትከፍችለታለሽ?" ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባልስቅ ኖሮ አለቅስ ነበር፣ ያንን አላደርግላቸውም።

ስመለስ መፍቻዬን ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቱቦው የኔ ነው። ፓራውልቱ የኔ ነው። ሁሉንም ፈትቼ እንዳመጧት፣ እንደ አሮጊት አህያ፣ ላስረክባቸው። ሦስት ቡሎን ፈታሁ። አራተኛው ላይ አዲሱ ቃሬዛ ታየኝ። ሰብለ ለሰኔና ለሐምሌ የሚደርሱትን የቆላ እርጉዞች ስም ነግራኛለች። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ።

ሦስቱን ቡሎን መልሼ አጠበቅሁ። እየተሳደብኩ። ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ። ከ/ሰዓት

ስሚኝ። በደንብ ልጻፈው፣ አንድም ነገር ሳይቀር።

ጋሽ ታደሰ መኪናዋን ቆላ ድረስ ልያት አሉ፤ ዕቃዎቹን እንዳስረዳ እኔም ልምጣ ተባለ። ሰይድ መሪ፣ ጋሽ ታደሰ ጋቢና፣ እኔ ኋላ ከቃሬዛው ጋር። ጠዋት ካፊያ ነበር። መንገዱ ቅቤ የተቀባ ይመስላል።

ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ የሞተሩ ማጉረምረም ቀረ። ገባኝ። ፎሌ አድርጓታል፤ ማርሹን ነጻ ለቆ በክብደቷ እያወረዳት ነው። ሚኒባስ ላይ የለመዱት የናፍጣ ቁጠባ። ጋሽ ታደሰም ስንነሳ የቅሬውን ናፍጣ እንደ ዓይንህ ብሌን ብለውታል።

"ማርሽ አስገባ!" ብዬ ጮህኩ።

"አብሽሪ እትዬ መሐንዲስ፣ በእጄ ናት!"

ከዚያ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ። ከዚያ ሰይድ ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁ፣ እንደ ጭቃ ወለሉ ድረስ ሲገባለት። ማርሹን ሊያስገባ ታገለ። ብረት ከብረት ተፋጨ፣ አልገባም። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው።

"ወደ ተራራው! ወደ ተራራው ስጣት!"

ሰጣት። ፓራውልቱ አፈሩንና ድንጋዩን እየፋቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመች። አፌ ውስጥ ደም ነበር፤ ምላሴን ነክሼው ነው። ቃሬዛው ከማረፊያው አልተነቃነቀም። ሰው አልተኛበትም። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተኛበትም።

ጋሽ ታደሰ ወርደው መሬት ሳሙ። ከዚያ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? የሼሁ ዱዓ፣ የቄሱ ጸሎት፣ ይኸው በዓይናችን አየነው አሉ። "ይህ ልጅ እጁ የተባረከ ነው!" የሰይድን እጅ ይዘው ሳሙት። እጁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። አየኝ። አንድ ነገር እንድልለት የፈለገ መሰለኝ። ድንጋይ አንስቼ ጎማዋ ሥር ወሸቅሁ።

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቅን። ፈተሽኩት። ወደ ላይ እኔ ነዳሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይከራከረኝ። ከተማው ዳር ስንደርስ ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቦታ ተቀያየሩ አሉን።

ሰው እንዳያይ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ወረቀት መጣ። ጤ/ጣቢያው እናቶችን ለቅሬው መኪና ከመስጠቱ በፊት የባለሙያ ደብዳቤ ጠይቋል፦ መኪናዋም ሹፌሩም ለዚያ ቁልቁለት ብቁ መሆናቸውን። በዚህ ከተማ ያንን የሚፈርም ሙያ ያላት እኔ ብቻ ነኝ። ከድር ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ አመጣው። የሰይድ ስም ከነአባቱ ስም። ከሥሩ ለኔ ስም ባዶ መስመር።

ሐሙስ ስለሆነው ሰምቷል። ማንም አልተጎዳ አለ። ይማራል አለ። አልፈርምም አልኩት። ሰው ሁሉ ቅናት ነው ይላል አለ። ይበል። የሚስቱ ዘመዶች ፊት ቀና ብሎ መሄድ እንደማይችል ነገረኝ። ይጎንበስ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ" አለ።

በሕይወቱ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም። ጫማ ሲገዛልኝ አላለውም፣ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ አላለውም። ሁሉንም ለዛሬ አስቀምጦት ኖሯል።

ሰብለን መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊቴን አይታ ራሷ ተናገረች። "እኔ ሴቶቹን የምጭነው የአንቺን ፊርማ አይቼ ነው። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

ሰኔ 1፣ እሑድ

ሼህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ጥያቄ አለኝ አልኳቸው፦ ሳላውቅ አሚን ብያለሁ፣ ይታሰርብኛል ወይ?

አተኩረው አዩኝ። ሳቁ። "ልጄ፣ እኔ የለመንኩት እጁ እንዲጠበቅ ነው። ሹፌር የሾምኩ መሰለሽ? መንገድ ትራንስፖርት ነኝ እንዴ?"

እኔም ሳቅሁ። ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያው የልብ ሳቄ።

ስሙን ማን ሰጠዎት አልኳቸው። ወንድምሽ አሉ። የዚያን ቀን ጠዋት መጥቶ ነግሯቸዋል፦ እህቴ ራሷ መርጣ አስተምራዋለች፣ እሷ መንዳቱን አትፈልግም፣ ቤቷ መቀመጥ ይሻላታል። እሳቸውም መልካም ልጅ ብለው መርቀውኛል።

ሳቄ ቆመ። መሪውን መስጠቱን ችዬው ነበር ማለት ነው፤ አሁን ገባኝ። ይህን ግን አልችልም። በኔ አፍ ተናገረ። ያላልኩትን አለች አለ።

የሐሙሱን ነገርኳቸው፣ ከፎሌው እስከ ቦታ መቀያየሩ። ከዚያ መከሩኝ። እውነቱን ጻፊ። ግን መሪውን ለኔ ስጡኝ አትበይ፤ ያኔ ቃልሽ ጥርት ይላል፣ ቅናት ነው የሚልሽ አይኖርም። እጃቸውን ሳምኩ። ጥሩ ምክር መሰለኝ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

እንዳሉኝ ጻፍኩት። መኪናዋ ብቁ፣ ሰይድ ያልበቃ፣ እኔ ደግሞ አልፈልግም። አነበብኩት። ንጹሕ ነው። ሰው የሚያመሰግነው ዓይነት።

ጠዋት ዝናብ ጣለ፣ የክረምት ዝናብ። መስኮት ላይ ቆሜ አሰብኩ። ሰይድ ከወረደ፣ እኔም ከተውኩ፣ ማን ይነዳታል? ሌላ ሰው የለም። መኪናዋ ክረምቱን ጥላ ሥር ትቆማለች። ዶሮ ይሰፍርባታል። ሴቶቹ ወደ ትከሻ ይመለሳሉ። የኔ ስም ግን ጥርት ብሎ ይቀመጣል!

ደግሞስ፣ እውነት ለተናገርኩበት ለምን መሪውን ልክፈል? ከድር ሲዋሽ ምን ከፈለ?

ቀደድኩት። ሼህ ኑሩ ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ክብሬን አሰቡልኝ። መንገዱን አላሰቡትም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡00

ዛሬ ቅሬው ይሰበሰባል። ዋርካው ሥር፣ ወንዶቹ መሐል፣ ሴቶቹ ዳር። ሴት ጉዳይ ካላት በወንድ ዘመዷ አፍ ነው የምታቀርበው። የኔ ወንድ ዘመድ ከድር ነው።

ከድር ጠዋት መጣ። ፈረምሽ ወይ አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ የሱን ሳይሆን በገዛ እጄ የጻፍኩትን። ቆሞ አነበበው። ሁለቴ። ይህን እዚያ ካነበብሽ ወንድም የለሽም አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። አሳዘነኝ። አዎ፣ አሳዘነኝ፤ ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ለአንቺ ግን አልዋሽም። ጋሼ፣ ወንድም መሆንህን የምትተወው አንተ ነህ፣ እኔ አልተውኩህም አልኩት። ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልቀደደውም። ወጣ።

በረንዳው ላይ ሰይድ ቆሞ ነበር፣ ተከትሎት መጥቶ ኖሯል። የመኪናዋን ቁልፍ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦ ከድርን ተከተለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። አላነሳሁትም። ቁልፉን የሚሰጠኝ ቅሬው ነው፣ በአደባባይ።

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። እዚህም ልገልብጠው፣ እጅ እንዳይገባበት።

መኪናዋ ለቆላው መንገድ ብቁ ናት።

ሰይድ ለዚያ ቁልቁለት ገና አልበቃም፤ ግንቦት 28 ያየሁትን ከጀርባው ጽፌያለሁ፣ ጋሽ ታደሰም አብረውኝ ነበሩ።

እኔ በቅቻለሁ።

ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ቀለሙ ደርቋል። ዋርካው ሥር ሰው መሰብሰቡ ከዚህ ይሰማል። ከሴቶቹ ጋር ዳር አልቀመጥም። መሐል ገብቼ፣ ቆሜ፣ ራሴ አነበዋለሁ። በከድር አፍ አልናገርም።